ኬን መንፋት ለሚጀምር፦ ከጣት በፊት ትንፋሽ

ዋሽንት የለመደ ሰው ኬን የተባለውን የላኦ የትንፋሽ መሣሪያ ሲይዝ የመጀመሪያ ስሕተቱ አንድ ነው። ይነፋል፣ ትንፋሹ ሲያልቅ ዝም ይላል፣ አየር ይስባል፣ ደግሞ ይነፋል። እኔም ለብዙ ሳምንታት እንዲሁ ሳደርግ ከመሣሪያው የሚወጣው ድምፅ እየተቆራረጠና እየተንተባተበ አስቸገረኝ። ጥፋቱ የጣቶቼ መስሎኝ ጣቶቼን ሳሠለጥን ከረምሁ። በመጨረሻ አስተማሪዬ፣ በዕድሜ የገፉ የላኦ ሰው፣ ጣቶቼን ከመሣሪያው ላይ አንሥተው አንድ ቀዳዳ ብቻ አስደፈኑኝና ለረጅም ጊዜ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ብቻ አስተነፈሱኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ኬን ለእኔ ሌላ መሣሪያ ሆነ። ይህን መመሪያ የምጽፈውም በዚያው ቅደም ተከተል ነው።

ኬን የላኦ ሕዝብ የቀርከሃ መሣሪያ ነው። በላኦስ፣ እንዲሁም የሜኮንግን ወንዝ ተሻግሮ ኢሳን በሚባለው የታይላንድ ሰሜን ምሥራቅ ይነፋል። በኢሳን የሚኖሩት ላኦዎች በቁጥር ከላኦስ ሕዝብ በብዙ ስለሚበልጡ፣ ኬን የአንድ አገር ብቻ ሳይሆን የወንዙ ሁለት ዳርቻዎች ሀብት ነው ማለት ይቻላል። ዩኔስኮ የላኦ ሕዝብን የኬን ሙዚቃ በሰው ልጅ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ነፊው «ሞ ኬን» ይባላል፤ ዘፋኙ ደግሞ «ሞ ላም»። «ሞ» ማለት ዐዋቂ፣ ባለሙያ ማለት ነው፤ ሐኪምም የሚጠራው በዚያው ቃል ነው። አንድ ሰው ሞ ኬን ሲባል ታዲያ የተሰጠው ማዕረግ ቀላል አይደለም።

አሠራሩን ሳያውቁ መንፋት መጀመር ጊዜ ማባከን ስለሆነ በዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ቀጫጭን የቀርከሃ ቱቦዎች በሁለት ረድፍ ተደርድረው፣ ከጠንካራ እንጨት የተቀረጸ አንድ የትንፋሽ ቋት መሐሉን ሰንጥቀው ያልፋሉ። አፍ የሚገጥመው በዚህ ቋት ጫፍ ባለው ቀዳዳ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ቱቦ ጎን፣ በቋቱ ውስጥ በተደበቀው ክፍል፣ ከመዳብና ከብር ቅልቅል የተቀጠቀጠ ስስ ብረት ተለጥፏል፤ በብረቱ ላይ በሦስት ጎኑ የተቆረጠ፣ በአንድ ጎኑ ብቻ የተያዘ ትንሽ ልሳን አለ። ላኦዎች ይህን «ሊን» ይሉታል፤ ትርጉሙም ምላስ ነው። ትንፋሽ ሲያልፍ ምላሱ ወዲያና ወዲህ ይርገበገባል፤ ድምፁ የሚወለደው ከዚያ ነው። የቻይናው ሸንግ፣ የጃፓኑ ሾ እና የሕሞንግ ሕዝብ ቄንግ የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው። አኮርዲዮንና ሃርሞኒካ የሚሠሩትም በዚሁ ነፃ ምላስ ነው፤ አውሮፓውያን ሐሳቡን ያገኙት ከእስያ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ አኮርዲዮን ሰምቶ ያደገ ሰው ኬን ለጆሮው ፍጹም ባዕድ የማይሆንበት ምክንያት ይኸው ነው።

ከሁሉ በላይ ልብ የሚባለው ነገር ይህ ነው፦ የኬን ምላስ ሲነፋም ሲሳብም አንድ ዓይነት ድምፅ ይሰጣል። ሃርሞኒካ ላይ ስትነፋና ስትስብ ድምፁ ይለያያል፤ ኬን ላይ አይለያይም። ስለዚህ ሙዚቃው አየር ለመሳብ ብሎ አይቆምም። አየር መሳቡ ራሱ ሙዚቃ ነው።

አንደኛ፦ መሣሪያውን መምረጥ

የኬን መጠን የሚለካው በቱቦዎቹ ጥንድ ነው። ኬን ጄት ሰባት ጥንድ (14 ቱቦ)፣ ኬን ፔት ስምንት ጥንድ (16 ቱቦ)፣ ኬን ካኦ ዘጠኝ ጥንድ (18 ቱቦ) አላቸው። ኬን ሆክ የሚባለው ትንሹ ብቻ ከዚህ ሥርዓት ይወጣል፤ «ሆክ» ስድስት ማለት ሲሆን ቱቦዎቹም በጠቅላላው 6 ብቻ ናቸው። ለጀማሪ ያለምንም ማመንታት ኬን ፔትን እመክራለሁ። በብዛት የሚነፋው እርሱ ነው፤ የምታገኘው አስተማሪም ሆነ የምትሰማው ቅጂ አብዛኛውን ጊዜ በእርሱ ነው። ኬን ሆክ ዋጋው ስለሚቀንስ ያጓጓል፤ ነገር ግን ቅኝቶቹን በሙሉ አይሸከምም፤ በወር ውስጥ ይጠብሃል።

ለቱሪስት የሚሸጡ የጌጥ ኬኖች አሉ። ከሩቅ ሲታዩ ያምራሉ፤ ምላሳቸው ግን በግዴለሽነት የተቆረጠ ስለሆነ አይናገሩም። ከቻልህ ከሠሪው እጅ ግዛ። በኢሳን ውስጥ የሮይ ኤት አውራጃ ሲ ኬዎ እና የናኮን ፓኖም አውራጃ ታ ሩዋ በኬን ሠሪዎቻቸው የታወቁ ናቸው። ሠሪው ቀርከሃውን ሲያቃና፣ ምላሱን ከመዶሻ በታች ሲያሳሳ ያየ ሰው መሣሪያውን በኋላ የሚይዝበት እጅ ይለያል።

ከመግዛትህ በፊት ሠሪውን የምትጠይቀው ጥያቄ የድምፁን ከፍታ የሚመለከት ነው። ክራር ክሩ ይጠብቃል፣ ይላላል፤ የኬን ድምፅ ግን ምላሱ በተቆረጠበት ዕለት ይወሰናል። የቀድሞ ሠሪዎች እያንዳንዱን መሣሪያ በራሱ ከፍታ ይሠሩት ስለነበር ሁለት ኬኖች አብረው ላይስማሙ ይችላሉ። ብቻህን የምትነፋ ከሆነ አያሳስብህም። ከዘፋኝ ጋር ወይም ከሌላ መሣሪያ ጋር ለመጫወት ካሰብህ ግን ከፍታውን አስቀድመህ ወስን።

ሁለተኛ፦ መሣሪያውን መመርመር

ይህ አምስት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ ግን አትዝለለው።

ምንም ቀዳዳ ሳትደፍን በለስላሳው ንፋ። የኬን ቱቦ የሚናገረው የጣት ቀዳዳው ሲደፈን ብቻ ነው። ቀዳዳው ክፍት ሲሆን በቱቦው ውስጥ ያለው የአየር ዓምድ ስለሚሰበር ምላሱ ዝም ይላል። ስለዚህ ምንም ሳትደፍን ስትነፋ የአየር ሹክሹክታ ብቻ መስማት አለብህ። እዚህ ላይ የዋሽንት ነፊ አእምሮ ይገለበጣል፤ ዋሽንት ላይ ጣት ማንሣት ድምፅ ይለውጣል፣ ኬን ላይ ጣት ማንሣት ድምፅ ያጠፋል።

ቀጥሎ ቱቦዎቹን አንድ በአንድ ደፍነህ ንፋ፣ ሳብም። ሲነፋ ፈጥኖ የሚናገር፣ ሲሳብ ግን የሚዘገይ ቱቦ ካለ ምላሱ በአንድ ጎን ተጣሟል ማለት ነው፤ ሠሪው ያስተካክለው። አንተ አትንካው። የምላሱ ጫፍ ሲፋቅ ድምፁ ይወጣል፣ ሥሩ ሲፋቅ ይወርዳል፤ ይህን ማወቅ ጥሩ ነው፣ መሞከር ግን የዓመታት ልምድ ይጠይቃል። አንዴ የተፋቀ ብረት ተመልሶ አይመጣም።

በመጨረሻ ቱቦዎቹ ከቋቱ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ተመልከት። ጥቁር፣ የሚያጣብቅ ሰም መሰል ነገር ታያለህ፤ «ኪሱት» ይባላል። የሚገኘው መውጊያ ከሌላቸው ጥቃቅን ንቦች ነው፤ እነርሱም የእኛዋ ጣዝማ ዘመዶች ናቸው። በእኛ አገር የጣዝማ ማር መድኃኒት ነው ተብሎ ሲፈለግ፣ በሜኮንግ ዳር ደግሞ የዘመዶቿ ሰም የሙዚቃ መሣሪያ ትንፋሽ እንዳያፈስ ይደፍናል። ስንጥቅ ካለበት አየር ስለሚያፈስ በጣትህ ሙቀት አለስልሰህ መልሰህ ጠቅጥቀው። ከሠሪው ላይ ትርፍ ኪሱት መለመንም አትርሳ፤ በኋላ ለሌላ ነገር ያስፈልግሃል።

ቱቦዎቹ ረጃጅም መሆናቸው ሊያሳስትህ ይችላል። አንድ ሜትር ያህል የሚሆን ቱቦ ከፍ ያለ ድምፅ ሲሰጥ ታይና ትገረማለህ። ድምፁን የሚወስነው ከውጭ የሚታየው ቁመት አይደለም። በእያንዳንዱ ቱቦ ላይ፣ ወደ ረድፉ ውስጥ በዞረው ጎን፣ ከምላሱ በላይና በታች የተቆረጡ ሁለት ክፍተቶች አሉ፤ ትክክለኛው ርዝመት በእነርሱ መካከል ያለው ነው። የቀረው ቁመት ለመልኩ ነው።

ሦስተኛ፦ አያያዝ

ቋቱን በሁለት መዳፍህ መካከል እንደ ጽዋ ያዝ። መዳፎችህ የቋቱን ጎኖች ይቀፉ፤ ጣቶችህ ወደ ላይ ተዘርግተው ከቋቱ በላይ ያሉትን ቀዳዳዎች ይድረሱ። አውራ ጣቶች ለአፍህ ቅርብ የሆኑትን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቱቦዎች ይይዛሉ፤ የቀሩት ጣቶች የቀሩትን ይከፋፈላሉ፤ ትንሿ ጣት የመጨረሻውን ትጠብቃለች። መሣሪያውን ቀጥ አድርጎ መያዝ ግዴታ አይደለም፤ ብዙ ነፊዎች ወደ አንድ ጎን ዘንበል ያደርጉታል። ክርንህን ከጎንህ ጋር አታጣብቅ፤ ደረትህ ነፃ ካልሆነ ቀጣዩ ደረጃ አይሳካም።

ቀዳዳዎቹን በጣት ጫፍ ሳይሆን በጣት ሥጋ ድፈን። ግማሽ የተደፈነ ቀዳዳ ጉሮሮው እንደታነቀ ሰው ያቃስታል።

አራተኛ፦ ትንፋሽ

ይህ የመመሪያው ልብ ነው፤ ቢያንስ ሁለት ሳምንት እዚህ ላይ ቆይ።

አንድ ቱቦ ብቻ ድፈን። ከንፈርህን በአፍ መግጠሚያው ዙሪያ አየር እንዳያፈስ ዝጋ፤ በአፍንጫህ አትተንፍስ። ተኝቶ እንደሚተነፍስ ሕፃን በለስላሳው አስወጣ። ድምፁ ይመጣል። አሁን ሳታቆም፣ ሳትቸኩል አቅጣጫውን ቀይርና ሳብ። ድምፁ ያው ነው። በሁለቱ መካከል ያለችው መገናኛ መጀመሪያ ላይ እንደ እንቅፋት ትሰማለች፤ ሥራህ ያችን መገናኛ ማለስለስ ነው። አራት ምት አስወጣ፣ አራት ምት ሳብ። ሲቀልህ ሁለት በሁለት፣ ከዚያ አንድ በአንድ አድርገው።

ጮክ ብሎ ለመሰማት መግፋት ትርፍ የለውም። ነፃ ምላስ ከልክ በላይ ሲገፋ ይታነቃል እንጂ አይጮህም። ደግሞም ብዙ አየር በፍጥነት ስታስገባና ስታስወጣ ራስህን ያዞርሃል። ባዞረህ ጊዜ አቁም፣ ተቀመጥ፣ እንደ ወትሮህ ተንፍስ፤ በጀግንነት የሚታለፍ ነገር አይደለም። ለመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ጊዜ ከአምስት ደቂቃ አትለፍ፤ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ግን ተመለስበት።

መገናኛዋ ስትለሰልስ የተገላቢጦሹን ተማር፤ ሆን ብለህ የአቅጣጫውን ለውጥ አሰማ። የኬን ምት የሚመታው ከበሮ ሳይኖር በትንፋሽ ነው። አየሩ ሲዞር የሚፈጠረው ትንሽ ግፊት፣ በምላስህ ጫፍ ከምትጨምረው ንክኪ ጋር ሆኖ፣ ሰውን የሚያስጨፍረውን ምት ያወጣል። ዐይንህን ጨፍነህ አንድ ጥሩ የኬን ቅጂ ስማ፤ የት ላይ እንደሚስብና የት ላይ እንደሚነፋ ለመለየት ሞክር። ትንፋሹ እንደ ወንፊት ወዲያና ወዲህ ሲወዛወዝ ትሰማለህ። መለየት ካቃተህ ነፊው እጅግ የበሰለ ነው።

ስለ አንድ ሰው ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። ሶምባት ሲምላ የማሃ ሳራካም ሰው፣ ዐይነ ስውር፣ በዘመናችን ካሉት ስመ ጥር የኢሳን ሞ ኬኖች አንዱ ነው። «ሩት ፋይ ታይ ራንግ»፣ ማለትም ባቡር በሐዲዱ ላይ ሲሄድ፣ የተባለውን ዓይነት ዜማ ሲነፋ ባቡሩ ከጣቢያ ቀስ ብሎ ይነሣል፣ ይፈጥናል፣ ያፏጫል፣ ደግሞ ቀስ ብሎ ይቆማል። ይህ ሁሉ ሲሆን የጣቶቹ ሥራ ግማሹ ነው፤ ሌላው ግማሽ ሳንባው ነው። ከመለማመድህ በፊት የእርሱን አጨዋወት ፈልገህ ብትሰማ ከእኔ ብዙ ገጽ ይልቅ ይጠቅምሃል።

አምስተኛ፦ የመሣሪያህን ካርታ መሥራት

የኬን ፔት 16 ቱቦዎች እንደ ፒያኖ በቅደም ተከተል አልተደረደሩም። ተከታታይ ድምፆች በሁለቱ እጆች መካከል ተበትነዋል። ይህም ለአንድ ዜማ ሁለቱም እጆች እንዲነጋገሩ ያስገድዳል። መጀመሪያ ላይ ያበሳጫል፤ ከለመድኸው በኋላ ግን የኬን ሩጫ ያን ያህል ፈጣን የሚሆንበት ምክንያት እርሱ መሆኑን ትረዳለህ።

አንድ ወረቀት ውሰድ። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ ስምንት ክብ ሣል። ከአፍህ ወደ ፊት እየሄድህ እያንዳንዱን ቱቦ ብቻውን አሰማና በስልክህ ላይ ባለ የድምፅ መለኪያ መተግበሪያ ወይም በፒያኖ እርዳታ ስሙን ጻፍ። ዝቅተኛውን ድምፅ «ላ» ብለህ ሰይመው፤ እውነተኛው ከፍታው ምንም ይሁን ምን ችግር የለውም። በመጨረሻ ከላ እስከ ላ ሁለት ኦክታቭ (ኦክታቭ ከአንድ ድምፅ እስከ ቀጣዩ ተመሳሳይ ስም ያለው ድምፅ ነው)፣ በጠቅላላው 15 ድምፅ ታገኛለህ። ቱቦዎቹ ግን 16 ናቸው፤ አንዱ ሶል በግራም በቀኝም እጅ ተደግሟልና። ሁለቱ ሶሎች ፍጹም አንድ ሆነው ካልተሰሙ፣ ማለትም ድምፃቸው የሚወዛወዝ ከሆነ፣ መሣሪያህ የሠሪ እጅ ይፈልጋል።

ካርታው ሲያልቅ ግድግዳ ላይ ለጥፈው። በሦስተኛው ሳምንት ታነሣዋለህ።

ስድስተኛ፦ ቋሚውን ድምፅ መክፈት

የኬን ዜማ ብቻውን አይናገርም፤ ከዜማው በላይ ወይም በታች አንድ ወይም ሁለት ድምፆች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሳይቋረጡ ይጸናሉ። ለምነህ የወሰድኸው ትርፍ ኪሱት የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ነፊው ከኪሱቱ የአተር ያህል ቆንጥሮ በተመረጠው ቱቦ የጣት ቀዳዳ ላይ ይለጥፋል። ያ ቱቦ ትንፋሽ እስካለ ድረስ ይናገራል፤ ጣቶቹም ለዜማ ነፃ ይሆናሉ።

ለመጀመሪያው ቅኝት ከፍ ያለውን ሚ እና ከፍተኛውን ላ ድፈን። በሁለቱ ላይ ለብቻቸው ተንፍስ። ይህ የሚጸናው ድምፅ እንደ ሜዳ ነው፤ ዜማው የሚራመደው በእርሱ ላይ ነው።

ሰባተኛ፦ ላይ ያይ፣ የመጀመሪያው ቅኝት

ላኦዎች የኬንን ቅኝት «ላይ» ይሉታል። «ላይ» የተጻፈ ዘፈን አይደለም፤ ነፊው በውስጡ በዕለቱ የሚፈጥርበት ቤት ነው። ኬን ሰባቱንም ድምፆች ቢይዝም እያንዳንዱ «ላይ» በዋናነት የሚጠቀመው አምስቱን ነው። ላዮቹ በሁለት ወገን ይከፈላሉ። ላይ ያይ፣ ላይ ኖይ እና ላይ ሴ በአንድ ወገን ናቸው፤ ጠቆር፣ ሐዘን ቀመስ ያለ ጠባይ አላቸው። ላይ ሱትሳነን፣ ላይ ፖ ሳይ እና ላይ ሶይ ደግሞ በሌላ ወገን ሆነው ይበልጥ የተከፈቱና የሚያሞቁ ናቸው።

ላይ ያይ እነዚህን አምስት ድምፆች ይይዛል፦ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል። ማረፊያው ላ ነው። እዚህ ላይ አማርኛ ተናጋሪ ተማሪ ትልቅ ዕድል አለው። ይህ አደራደር የእኛ ሙዚቀኞች ባቲ ማይነር ከሚሉት ጋር አንድ ነው። ጆሮህ ያውቀዋል፤ ጣትህ ብቻ ነው የማያውቀው። ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኔ ይህን እንዳወቅሁ የባቲ ዜማ በኬን ላይ መንፋት ጀመርሁ፤ ውጤቱም ኬን የለበሰ ባቲ ሆነ እንጂ ላይ ያይ አልሆነም። ቅኝቱ ቢገጥምም አረማመዱ ሌላ ነው፤ «ላይ» በዝላይና በመንቀጥቀጥ ብዙም አይታወቅም፤ በተከታታይ በሚፈስ ጥቅጥቅ ያለ ሩጫ ነው የሚታወቀው።

እንዲህ ጀምር። ሚ እና ላ በኪሱት ተደፍነዋል። አምስቱን ድምፆች ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች በዝግታ ሂድ፤ ለእያንዳንዱ ድምፅ አንድ የትንፋሽ አቅጣጫ ስጥ፦ ላ አስወጣ፣ ዶ ሳብ፣ ሬ አስወጣ፣ እንዲህ እያልህ ቀጥል። ከዚያ በአንድ አቅጣጫ ሁለት ድምፅ፣ ቀጥሎ አራት ድምፅ አድርግ። ይህ ሲቀልህ ዝቅ ያለውን ድምፅ ከኦክታቭ ጥንዱ ጋር በአንድ ጊዜ ደፍነህ አሰማ። ልክ በዚህ ቅጽበት መሣሪያው ይሞላል። አንድ ሰው ሆኖ ሳለ አራት ሰው የሚነፋ የሚመስለው ለዚህ ነው፤ ሁለት ቋሚ ድምፅ፣ ሁለት የዜማ ድምፅ።

ላይ ያይን ካወቅህ በኋላ አንድ ነገር ሞክር፤ እኔን ለብዙ ቀናት ያስደነቀኝ ነው። ላይ ሱትሳነን የሚይዛቸው ድምፆች ሶል፣ ላ፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ ናቸው። አስተውል፤ እነዚያው አምስት ድምፆች ናቸው! የተለወጠው ማረፊያው ብቻ ነው፤ አሁን ቤቱ ሶል ሆኗል። ኪሱቱን ከላና ከሚ ላይ አንሥተህ በሶል ላይ ለጥፍ፤ ያንኑ ሩጫ ሩጥና ሶል ላይ ዕረፍ። ደመናው ይገፈፋል። አንድም ድምፅ አልጨመርህም፣ አንድም አልቀነስህም።

ላይ ኖይን ለማግኘት ሬ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ዶ ላይ ሂድ፤ ማረፊያው ሬ ነው። የቀሩትን ከሦስቱ በኋላ አቆያቸው።

ስምንተኛ፦ ከአስተማሪ ዘንድ

«ላይ»ን በኖታ አይማሩትም፤ በጆሮ ነው። እዚህ ድረስ በራስህ መምጣት ትችላለህ፤ ከዚህ በኋላ ግን ሰው ያስፈልግሃል። ላኦስ ወይም ታይላንድ መሄድ ግዴታ አይደለም። ከላኦስ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ ብዙ ላኦዎች ወደ አሜሪካና ወደ ፈረንሳይ ተሰደዋል፤ ኬናቸውንም ይዘው ሄደዋል። በካሊፎርኒያ ፍሬዝኖ የሚኖሩት የኬን ነፊ ቡንሱንግ ሲናኖን እ.ኤ.አ. በ2016 ለባህላዊ ሙያ በአሜሪካ የሚሰጠውን ብሔራዊ የቅርስ ሽልማት ተቀብለዋል። አሜሪካ ለምትኖር አንባቢ፣ በከተማህ የላኦ ቡድሂስት ቤተ መቅደስ ካለ በዓል በሚከበርበት ቀን ሂድና አድምጥ፤ ኬን ያለው ሰው እዚያ አይጠፋም።

ስትሄድ ባዶ እጅህን አትሂድ። በላኦ ልማድ ተማሪ ትምህርት ሲጀምር ለአስተማሪውና ከእርሱ በፊት ለነበሩት አስተማሪዎች ክብር ያቀርባል። «ካን ሃ» ይሉታል፤ አምስት ጥንድ ሻማና አምስት ጥንድ አበባ በሳህን ላይ ነው። ምን ማቅረብ እንደሚገባ የቤቱን ሰው በትሕትና ጠይቅ። እኛም ቅኔና ዜማ ለመማር ወደ የኔታ ደጅ የሚኬደው እንዴት እንደሆነ እናውቃለንና ይህ አይከብደንም።

ማንን እየወረስህ እንደሆነም ዕወቅ። የሳያም (የዛሬዋ ታይላንድ) ንጉሥ ሞንግኩት እ.ኤ.አ. በ1865 የላኦን ኬን መጫወት የሚከለክል አዋጅ አውጥቶ ነበር፤ መሣሪያው በዋና ከተማው እጅግ ተወድዶ የሳያምን የራሱን ሙዚቃ እየተጫነ ነው በሚል ነው። መሣሪያው አዋጁን አልፎ ዛሬ ደርሷል፤ ያደረሱትም አብዛኞቹ ገበሬዎች የነበሩ፣ ከመከር በኋላ ከመንደር መንደር እየሄዱ የሚነፉ ሰዎች ናቸው።

ዘጠነኛ፦ ጥበቃ

ነፍተህ ስትጨርስ ምንም ሳትደፍን ጥቂት ጊዜ ደረቅ አየር በለስላሳው ሳብበት፤ በቋቱ ውስጥ የቀረው እርጥበት ይቀንሳል። ምግብ በልተህ አፍህን ሳትጉመጠመጥ አትንፋ፤ ፍርፋሪ በምላሱ ሥር ከገባ ቱቦው ዝም ይላል። ዝም ካለብህ ያንኑ ቱቦ ደፍነህ በአጭሩ ንፋና ሳብ፤ ብዙ ጊዜ ይለቃል። ካልለቀቀ ቱቦውን ነቅለህ አትመርምር፤ ወደ ሠሪ ወይም ወደ ነፊ ውሰደው።

በጨርቅ ከረጢት አኑረው፤ ላስቲክ እርጥበት ያፍናል። ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አትተወው፤ ኪሱቱ ይቀልጣል፣ ቀርከሃው ይሰነጠቃል። ቀርከሃ ነቀዝ ይወዳልና በየጊዜው ጥቃቅን ቀዳዳና የዱቄት ብናኝ እንዳለበት ተመልከት።

ዐሥረኛ፦ ከዘፋኝ ሥር መንፋት

ብቻውን የሚነፋ ኬን ውብ ነው፤ ግን የተፈጠረበት ቦታ ከሰው ድምፅ ሥር ነው። በደቡብ ላኦስ አዘፋፈኑ «ላም»፣ በሰሜን ደግሞ «ካፕ» ይባላል። እያንዳንዱ አካባቢ የራሱ አለው፤ ላም ሳራቫን የሳራቫን፣ ላም ሲፓንዶን የሜኮንግ ደሴቶች፣ ካፕ ቱም የሉዋንግ ፕራባንግ ነው። በኢሳን ወንድና ሴት ዘፋኞች በግጥም ሲፋጠጡ ሌሊቱ ይነጋል። «ላም ፊ ፋ» በሚባለው የፈውስ ሥርዓት ደግሞ ሴቶች መንፈሱን የሚጠሩት በኬን ድምፅ ነው።

ከዘፋኝ ጋር የምትቀመጠው እንዲህ ነው። አንተ ትጀምራለህ። ቋሚውን ድምፅ ትከፍታለህ፣ ማረፊያውን ደጋግመህ ታሰማለህ፤ ዘፋኟ ከፍታዋን የምታገኘው ከአንተ ነው፤ አትቸኩልባት። ስትገባ ትንፋሽህን ቀንስ፣ ሩጫህን ግን አታቁም። የላኦ ቋንቋ በድምፅ ከፍታና ዝቅታ ትርጉም የሚለይ በመሆኑ ዜማዋ የቃሉን ከፍታ ይከተላል፤ ቃል በቃል ልትከተላት አትሞክር፣ ቤቱን ብቻ ጠብቅላት። ስንኝ ጨርሳ ትንፋሽ በምትስብበት ክፍተት ላይ የአንተ ድምፅ ይውጣ። ተመልሳ አፏን ስትከፍት ዝቅ በል፤ ትንፋሽህ ግን በዚያች ቅጽበት እየገባም ይሁን እየወጣ፣ ቋሚዎቹ ላ እና ሚ ከሥሯ ይቀጥሉ።